ትርፍ የጫነው ስካቶላ

«አንተ! ግድግዳው ይሞቃል እኮ!» ያለችኝ አራሷ እህቴ ናት። ዕለቱ የልጇ ክርስትና ዋዜማ፣ ቦታው መካነ ኢየሱስ፣ እናቴ ቤት። እናቴ ከንጋት ጀምራ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች፣ የጎረቤት ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ እኔ ደግሞ ጠላ እቀምሳለሁ (እሱም ሥራ ከተባለ)። «የአራስ ነገር!» ብዬ ልስቅ ስል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን አለኝ። የእናትና ልጁ አልጋ ከሶኬቱ አንድ ክንድ አይርቅም።

ውድ አንባቢያን፣ ያንን ሶኬት የገጠምኩት እኔ ነኝ! ለባለሙያ የሚከፈለውን ላተርፍ ብዬ። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ፌዝና ኒውትራል እለያለሁ፣ ታዲያ ምን ቀረኝ? ከሶኬቱ ኋላ ግድግዳ ውስጥ ከምትቀበረው የፕላስቲክ ሳጥን፣ ማለትም ከስካቶላዋ፣ አንዱን መስመር ወደ ጓዳ፣ አንዱን ወደ ምጣዱ፣ አንዱን ወደ ደጅ አምፖል ሳብኩ። ሽቦው አልገባ ሲለኝ በካቻቪቴ እጀታ ጠቀጠቅሁት። ሶኬቱ አልቀመጥ ሲል በብሎን አስጨንቄ አሰርኩት። መብራቱ በራ፣ እናቴም መረቀችኝ።

ብሬከሩን አጥፍቼ የሰፈራችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። በቴስተር አረጋግጠው ሶኬቱን ፈቱና ዝም ብለው አዩኝ። አንዱ ሽቦ ከብሎኑ ላልቷል። ፕላስቲኩ ቡና መስሏል። ከበስተኋላው ያለው የባሕር ዛፍ ማገር ጠቁሯል። የጭቃ ቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እንጨትና ጭድ ነው!

«ልጄ፣ ይኼ ስካቶላ ነው ወይስ የገበያ ቀን ሚኒባስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሽቦው እኮ ወፍራም ነው፣ 2.5 ነው» ብል፣ «ወፍራሙማ ነው የማይታጠፈው!» ብለው መለሱልኝ።

ለካ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ሽቦ የሚቃጠለው ሲቀጥን ብቻ ይመስለናል። ጠባብ ቦታ ውስጥ በግድ የታጠፈ ሽቦ ግን እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ ይገፋል፤ ቀስ በቀስ ብሎኑን ያላላል፣ ልባሱም በብሎን ጫፍ ይላጣል። የላላ ማያያዣ ይግላል፣ ሙቀቱም መውጫ የለውም። የእናቴ ምጣድ ላይ 3500 ዋት ተጽፏል። ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ባለ 60 ዋት አምፖል የሚስበው ሩብ አምፔር ግድም ነው። ይኼ ሁሉ ኃይል በዚያች በላላች ብሎን በኩል ከንጋት ጀምሮ ሲያልፍ ውሏል። ስለ መብራት ሲወራ ሁላችንም ወሬያችን ግድብ ነው፤ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም ጨፍሬያለሁ። የዚያ ሁሉ ኃይል መድረሻ ግን ይቺ መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት።

ጋሼ የሚያውቁት በእጃቸው ነው፣ ቁጥር አይጠቅሱም። እኔ ግን እልህ ያዘኝና ስሌቱን ፈለግሁ። በ1897 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣውና በየሦስት ዓመቱ የሚታደሰው የአሜሪካኖች የኤሌክትሪክ ደንብ ለእያንዳንዱ ሽቦ በሳጥኑ ውስጥ ቦታ ይመድብለታል። የእነሱ ሽቦ ልክ ከእኛ ቢለይም፣ ወደ እኛ ስናመጣው ለ1.5 ሽቦ 33፣ ለ2.5 ደግሞ 37 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ብንይዝ አያሳስተንም። ከውጭ የሚገባ ፌዝና ኒውትራል እያንዳንዱ አንድ ይቆጠራል። የመሬት ሽቦዎች እስከ አራት ድረስ በአንድነት እንደ አንድ ናቸው። ሶኬቱ ራሱ ወፍራም ሰው ነው፣ የሁለት ሰው ወንበር ይይዛል! እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ቁራጭ ሽቦ አይቆጠርም።

የእኔን ጉድ ስሙ። ስካቶላዋን ከውስጥ ስለካት 7 በ7 በ4 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 196 ሆነች። የገባው መስመር፣ የጓዳውና የምጣዱ በ2.5 ስድስት ሽቦ ናቸው፤ 222። የደጁ አምፖል በ1.5 ሁለት ሽቦ፣ 66። የመሬት ሽቦዎቹ 37፣ ሶኬቱ 74። ድምሩ 399! ከእጥፍ በላይ ጭኛታለሁ፣ ትራፊክ ቢኖር ኖሮ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቀኝ ነበር።

ጋሼ የምጣዱን መስመር በ4 ሚሊ ሜትር ሽቦ ለብቻው ከብሬከሩ ሳቡት። የጓዳውንና የአምፖሉን መጋጠሚያ ከላይ ሰፊ ስካቶላ ተክለው፣ በፕላስተር በመጠቅለል ሳይሆን በብሎን ማያያዣ አሠሩት። በሶኬቱ ቤት የቀሩት ሁለት ሽቦ፣ አንድ የመሬትና ራሱ ሶኬቱ ብቻ ናቸው፤ አምስት ጊዜ 37፣ 185። በ196 ውስጥ ገባ፣ ሲገባም ጣት እንጂ ካቻቪቴ አላስፈለገውም።

እናንተም ቤት ሶኬቱ ከግድግዳው ወጣ ካለ፣ ከነካችሁት ሲሞቅ፣ ወይም ሲሰኩበት «ጭስስ» ካለ ምጣዱን ነቅላችሁ፣ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ። እንደኔ ራሳችሁ አትነካኩት።

የቀረው ሊጥ ጎረቤት ቤት በእንጨት ተጋግሮ ክርስትናው ደመቀ። እህቴ ግን አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ወስዳዋለች። «አሁን እኮ ልኩ ነው፣ አስልቼዋለሁ» ብላት፣ «የፊቱንስ ማን ነበር የሠራው?» ብላ ልጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች።