ሩጫና ቁጥር፦ ለተራ ሯጮች

እንደሚታወቀው አገራችን በሩጫ ስሟ የገነነ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ እጁ ላይ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አልነበረም። ዛሬ ግን ለታላቁ ሩጫ የሚዘጋጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ስልኩና የእጅ ሰዓቱ ርቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ የልብ ምቱን፣ ከዚያም አልፎ ከሌላው ሯጭ ስንተኛ እንደሆነ ይነግሩታል።

እኔ በሳምንት ሦስት ቀን የምሮጥ ተራ ሯጭ ነኝ። ሜዳሊያ አለህ ወይ ብትሉኝ፣ ያለኝ ታላቁን ሩጫ ለጨረሰ ሁሉ የሚሰጠው ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ያህል ሰው ነበር የተሳተፈው፤ ዛሬ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ አድጓል። ነገር ግን በዙሪያዬ የማያቸው ጓደኞቼ ኅዳር ሲያልፍ ጫማቸውን አልጋ ሥር ይወረውራሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ብዙዎቹ «ሰውነቴ ለሩጫ አልተፈጠረም» ይላሉ። ማን ነገራችሁ? ሰዓታቸው! እንግዲህ እኛ የስታትስቲክስ ተማሪዎች እንደመሆናችን፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ሳንጠይቅ ፍርዱን መቀበል የለብንም። ሦስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ርቀት ነው። ሰዓቱ ከሳተላይቶች የሚመጣው ምልክት የወሰደበትን ጊዜ እየለካ ያለንበትን ቦታ ያሰላል። እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር፣ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። አሁን እንደ ጃን ሜዳ ባለ ገላጣ ቦታ ስህተቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ሕንፃ በበዛበት መንገድ ግን ምልክቱ ከግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ፣ ያልሮጥነውን ሊጨምርልን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአምስት ሴኮንድ ቢለዋወጥ የሚያስደስትም የሚያሳዝንም ነገር የለውም።

ሁለተኛው የልብ ምት ነው። አብዛኞቹ አፕሊኬሽኖች ከፍተኛውን የልብ ምታችንን የሚገምቱት ከ220 ላይ ዕድሜያችንን ቀንሰው ነው። የ22 ዓመት ተማሪ 198 ይደርሰዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የአማካይ ግምት እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ልክ አይደለም። መደበኛ ልዩነቱ 10 ምት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ከተገመተለት ከ10 ምት በላይ ይርቃል። እውነተኛው ጣሪያዋ 210 የሆነች ልጅ በዝግታ እየሮጠች ሰዓቷ «በጣም ከፍተኛ» እያለ ሊያስፈራራት ይችላል። ከዚህ ይልቅ የድሮው መለኪያ ይሻላል፦ እየሮጡ ከጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ቀላል ነው፤ ካልተቻለ ከባድ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚያስቀረው የፍጥነት ሠንጠረዥ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ሠንጠረዦች የተሰሉት በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚሮጥ ሰው ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም እዚያም 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን እዚህ በሩብ ያህል ስለሚያንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ቢለምደውም፣ ረጅም ርቀት ሲሮጥ ከባሕር ዳርቻው ሰው ጋር እኩል ሁኔታ ላይ አይደለም። እንጦጦን እየወጡ የለንደንን ሰው ፍጥነት መመኘት እኮ በሁለት የተለያየ ሚዛን የተመዘነ ጤፍ እንደ ማወዳደር ነው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እሱም ፍላጎት ነው። ጀማሪ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍጥነት ይሻሻላል። ቁጥሩ በየቀኑ ስለሚያምር ደስታውም ትልቅ ነው። ከዚያ መሻሻሉ ይዘገያል፤ ይህ የማንም ሰውነት ሕግ ነው። ደስታውን ከቁጥሩ ብቻ ሲያገኝ የነበረ ሰው ያን ጊዜ የሚሮጥበት ምክንያት ያጣል። ወይ ደግሞ ቁጥሩን በግድ ለማሻሻል በየቀኑ ሙሉ ኃይሉን ይጠቀማል። ልብና ሳንባ ቶሎ ሲጠነክሩ ጅማትና አጥንት ግን ቀስ ብለው ስለሚከተሉ፣ ውጤቱ የቅልጥም ወይም የጉልበት ሕመም ይሆናል።

ታዲያ መሣሪያውን እንጣለው ወይ? አይደለም። ሰዓቱ ጥሩ ጸሐፊ ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። እኔን የጠቀሙኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ከሦስቱ የሳምንቱ ሩጫ ሁለቱን እያወሩ በሚሮጥ ፍጥነት ማድረግ፤ በየቀኑ ፍጥነትን ከማየት ይልቅ በወር ስንት ቀን እንደወጡ መቁጠር፤ ራስን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን በዚያው መንገድና በዚያው ሰዓት ከሦስት ወር በፊት ከነበረው ራስ ጋር ማወዳደር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠዋት በር የሚያንኳኳ ጓደኛ መያዝ። የትኛውም አፕሊኬሽን «ተነስ እንጂ፣ በር ላይ ቆሜያለሁ!» የሚለውን ድምፅ አይተካም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ኅዳር ካለፈም በኋላ ጃን ሜዳ እዚያው ነው፤ ጫማችሁን ከአልጋ ሥር አውጡ።