የማዳበሪያ ጥያቄ በሰኔ መጨረሻ

በቂርቆስና በካዛንቺስ አንድ ጥማድ የእርሻ መሬት አይገኝም። የገጠር ልማት ዐምድ ወደነዚህ ሰፈሮች ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በቂርቆስ ወፍጮ ቤቶች የሚፈጨው ጤፍ ከጎጃምና ከሸዋ ማሳ የመጣ ነው። ማዳበሪያው በጊዜው ለማሳው ካልደረሰ ጉዳቱ በመጀመሪያ በገበሬው ጎተራ፣ ቀጥሎም በከተሜው ሞሰብ ላይ ይታያል። ስለዚህ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የማዳበሪያ ነገር ሲነሣ የቂርቆስም ሰው ጆሮውን ቢሰጥ የራሱን ጉዳይ መስማቱ ነው።

ከካዛንቺስ ተነሥቶ በሒልተን ሆቴል በኩል ቤተ መንግሥቱን አልፎ ሽቅብ የወጣ ሰው አራት ኪሎ ምክር ቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው መሥሪያ ቤት ስም እንደሆነ በዚሁ አጋጣሚ መጥቀስ ይቻላል። የባለሥልጣን ንግግርም ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው እዚሁ ሲሆን፣ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ይሁንና በአዳራሹ ሚኒስትር ይናገራል፣ ይጨበጨብለታልም። አራት ኪሎ ላይ ግን ተጠይቆ መመለስ አለበት።

ሚኒስትርን ጠርቶ መጠየቅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች በምክር ቤት ሲጠሩ ቀርበው ስለሚወጣው ሕግ መልስ እንዲሰጡ ያዝ ነበር። ሆኖም ሚኒስትሮቹን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ለምክር ቤት የሚወዳደረውም ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ባለመሬቱ በሚበዛበት ምክር ቤት ስለ ጭሰኛው ማን አጥብቆ ይጠይቅ? የጭሰኞችን ጉዳይ የሚመለከተው ረቂቅ ሕግ ቀርቦ፣ ተመልሶ፣ እንደገናም ቀርቦ ሳይጸድቅ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ደረሰ። ጭሰኝነት የቀረው በምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን አስፍቶታል። በአንቀጽ 55 መሠረት ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን የፌዴራል ባለሥልጣናት ጠርቶ መጠየቅ፣ አሠራራቸውንም መመርመር ይችላል። አንቀጽ 54 ደግሞ አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይደነግጋል። በዚህ መሠረት የቂርቆስ ተመራጭ ስለ ዩሪያ፣ የደንቢያ ተመራጭም ስለ ካዛንቺስ ቤቶች ቢጠይቅ አያገባህም የሚለው የለም። ሥልጣኑ ቢኖርም ጠያቂው የሚሳሳበት ጊዜ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች መካከል ከተቃዋሚ ፓርቲ ተመርጠው የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። ስለ ማዳበሪያ ለመጠየቅ ግን ተቃዋሚ መሆን የግድ አይደለም። የመረጠው ገበሬ ባዶ ጆንያ ይዞ የተመለሰበት እንደራሴ ከየትኛውም ፓርቲ ቢሆን የሚጠይቀው አያጣም።

ታዲያ ጥያቄው እንዴት ቢቀርብ ፍሬ ይኖረዋል? በምክር ቤቱ የበርካታ አባላት ጥያቄ ተከታትሎ ከቀረበ በኋላ መልሱ ባንድነት ይሰጣል። በዚህ አሠራር «ችግሩን ለመፍታት ምን ታስቧል?» የሚል ጥያቄ ሰፊ በር ይከፍታል፤ መላሹም የታሰበውን ዘርዝሮ ይቀመጣል። ስንት ኩንታል ተገዛ ማለትም ብቻውን አይበቃም። ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ዩኒየኖች መጋዘን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበሩ ወደ ገበሬው ይደርሳል። ወደብ ላይ ያለው ኩንታል በሪፖርት ውስጥ ይቆጠራል፤ በማሳ ላይ ግን ምንም አያበቅልም። በልማት ሠራተኛ ዓይን ሲታይ ዋናው ጥያቄ የቀን ጥያቄ ነው። ስንቱ ኩንታል፣ በየትኛው ወረዳ፣ ከዘር በፊት በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነበር?

ይህን ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ለረጅም ዓመታት ለገበሬው ሲመከር የኖረው መጠን በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። በኋላ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተክቷል። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ በዘር ወቅት ከአፈር ጋር መግባት አለበት። ዩሪያ ግን ተከፍሎ ሊሰጥ ስለሚችል ቀሪው አዝመራው ካደገ በኋላ ይጨመራል። ዘር ከተዘራ በኋላ የደረሰ ኤንፒኤስ ለዚያ ዓመት ሰብል እምብዛም አይጠቅምም። ገበሬው ዕዳ ገብቶ ቢገዛውም ለከርሞ ማስቀመጥ ነው።

የምክር ቤቱና የእርሻው የዘመን አቆጣጠር የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው። በአንቀጽ 58 መሠረት ምክር ቤቱ ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን፣ የሚያበቃውም ሰኔ 30 ነው። በደጋማው አገራችን በቆሎ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ፣ ጤፍ በአብዛኛው በሐምሌ ይዘራል። ማዳበሪያ በብርቱ በሚፈለግባቸው በሐምሌና በነሐሴ እንደራሴዎቹ ዕረፍት ላይ ናቸው። ከተሜውም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ነዋሪ ዕቃውን ሲጭን ምክር ቤቱ የዓመቱን ሥራ ገና እየጀመረ ነበር። ማዳበሪያን በሚመለከት ግን ጊዜው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ግዢው በሚካሄድበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማጓጓዙ በሚፋጠንበት በመጋቢትም ምክር ቤቱ ክፍት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው እስከ ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። ሰኔ 29 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤቱ ተገኝተው ለአባላቱ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ማዳበሪያ ነበር። በዕለቱ የ2016 ዓ.ም. በጀት፣ ይኸውም 801.65 ቢሊዮን ብር ጸደቀ። ለመዘጊያው የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ተከታታይ ጥያቄ ይቀርብ ቢባል እንኳ የሚቀርብበት ጉባኤ አልነበረም፤ የጎጃም በቆሎም ከተዘራ ሰንብቷል።

ሕጉ ግን በሩን ጨርሶ አልዘጋውም። በዕረፍት ጊዜም ቢሆን አፈ ጉባኤው ስብሰባ ሊጠሩ ይችላሉ፤ ከግማሽ በላይ የሆኑ አባላት ከጠየቁም የመጥራት ግዴታ አለባቸው። በዚያው ክረምት ምክር ቤቱ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ተቀምጧል። የተጠራው ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማጽደቅ ነበር። በእርሻው አቆጣጠር ያ ሳምንት ለጤፍ ሁለተኛው ዩሪያ የሚጨመርበት ወቅት ነበር።