«ትዊን ፒክስ» ምስጢሩን ከገለጠ በኋላ ስለምን ደከመ?

አንድን ምስጢር በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየገለጡ የሚያስፈሩ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድርሰቶች ብዙ ጊዜ አጀማመራቸው ያምራል፤ ምዕራፍ በምዕራፍ ሲጨመር ግን ኀይላቸው ይደክማል። የዚህን ድካም ምክንያት ለመረዳት ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት የፈጠሩትን «ትዊን ፒክስ» የተባለውን የአሜሪካ ድርሰት መመርመር ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ድርሰቱ በኤ.ቢ.ሲ. ጣቢያ መታየት የጀመረው አፕሪል 8 ቀን 1990 ነው። ሎራ ፓልመር የተባለች ተማሪ ተገድላ፣ ሬሳዋ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በውሃ ዳር ይገኛል፤ ዴል ኩፐር የተባለ የፌዴራል መርማሪም ገዳይዋን ፍለጋ ወደ ትንሿ ከተማ ይመጣል። የመጀመሪያውን ምሽት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመለከቱት። የመጀመሪያው ምዕራፍ 8 ክፍል ብቻ ነበረው፤ ሁለተኛው ግን 22 ክፍል ሆነ።

ስለ ድካሙ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት «ገዳዩ ስለ ታወቀ ነው» የሚል ነው። ሊንች ራሱም ምስጢሩ በጣቢያው ግፊት ያለ ጊዜው እንደ ተገለጠ በኋላ ዘመን ደጋግሞ ተናግሯል። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ ባይሆንም የተሟላ አይደለም። አንደኛ፣ ትርዒቱ ወደ ቅዳሜ ማታ ስለ ተዛወረ ገዳዩ ከመታወቁ አስቀድሞ የተመልካቹ ቍጥር መቀነስ ጀምሮ ነበር። ሁለተኛ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1990 የታየው ገዳዩን የገለጠው ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ነው። ገዳይዋ ቦብ የተባለ ክፉ መንፈስ ያደረበት የገዛ አባቷ ሌላንድ ሆኖ ተገኘ። መልሱ ፍርሃቱን አላጠፋውም፤ እንዲያውም ከጫካው አውጥቶ ከቤት ውስጥ አስገባው።

እንግዲያስ ጉድለቱ ከመልሱ ሳይሆን ከመልሱ በኋላ ከመጣው ነው። «ሎራን ማን ገደላት?» የሚለው ጥያቄ የዶቃ ክር ነበረ። የእንጨት መሰንጠቂያው ጠብ፣ የነጋዴው የቤን ሆርን ተንኰል፣ የወጣቶቹ ፍቅር፣ ሁሉም በዚህ ክር ተሰክቶ ስለ ነበረ ተመልካቹ እያንዳንዱን በጥርጣሬና በጥንቃቄ ይከታተል ነበር። ክሩ ሲበጠስ ዶቃው ተበተነ።

ሌላንድ ከሞተ በኋላ ገና 13 ክፍሎች ይቀሩ ነበር። የሚቀጥለው ክፍል በለቅሶ ቤት ይከፈታል፤ ነገር ግን በዚያው ለቅሶ ላይ የሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች ጠብ ለሣቅ ቀረበ። ልጇንም ባሏንም ያጣችው እናት ወደ ዳር ቀረች። ከዚያ ቤን ሆርን ራሱን የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል አድርጎ ሲያስብ፣ ወጣቱ ጀምስም ከከተማው ወጥቶ በአንዲት ባለጠጋ ሴት ሴራ ሲጠመድ እናያለን። በአባት እጅ የተገደለች ልጅ ኀዘን በጥቂት ቀን ተረሳ። ተመልካቹን ያራቀው ይህ ይመስለኛል፤ የፈለገው የገዳዩን ስም ብቻ ሳይሆን ያ ግፍ ለከተማይቱ ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቅም ነበርና።

በአገራችን የእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ ከታወቀ ያው እንቆቅልሽ ተመልሶ አይጠየቅም፤ ጨዋታው እንዲቀጥል እኩል የሚከብድ ሌላ ያስፈልጋል። የ«ትዊን ፒክስ» ጸሐፊዎች የኩፐርን የቀድሞ ባልደረባ ዊንደም ኧርልን አዲስ ባላጋራ አድርገው ቢያመጡም፣ ከሎራ ሞት ጋራ የሚመዛዘን ክብደት አላገኘም።

ሊንች በመጨረሻው ክፍል ወደ አዘጋጅነቱ ተመልሶ ድርሰቱን በአስፈሪነቱ አነሣው፤ ግን ጁን 10 ቀን 1991 ትርዒቱ ተቋረጠ። ቀጥሎ በ1992 የወጣው ፊልም የሎራን የመጨረሻ ቀኖች አሳየ። ገዳዩ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ሳለ ፊልሙ አሁንም ያስጨንቃል። ከዚህም የምንረዳው፣ ምስጢር ሲገለጥ ጥያቄው ቢያበቃም ኀዘኑ እንደማያበቃ ነው፤ ኀዘኑን የያዘ ደራሲ ከመልሱም በኋላ የሚናገረው አያጣም።