የጽጌረዳ ውኃ ከጓዳችን

አንዲት የማውቃት ልጅ ሠርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «የጽጌረዳ ውኃ» ገዝታ ፊቷን ብትቀባው ሽፍ አለባት። የጠርሙሱን ጀርባ ባነበው ሽቶና ማቅለሚያ እንጂ ጽጌረዳ የሚባል ነገር የለበትም! ሽፍታው እስኪጠፋ ምንም አትቀቢ፣ ካልለቀቀሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ አልኳት።

እውነተኛውን ዐረቦች «ማወርድ» ይሉታል። እዚያ ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ያውቁታል፤ ለፊትም ለጣፋጭም ይሆናል። አሠራሩ ታዲያ ከአረቄ አወጣጥ ብዙም አይርቅም።

ሰፊ ድስት መሀል ንጹሕ ድንጋይ አስቀምጡና ጎድጓዳ ሳህን ደርቡበት። ዙሪያውን አበባውን በትኑ፤ ውኃው አበባውን ይሸፍን እንጂ ሳህኑ ውስጥ እንዳይገባ። ክዳኑን ገልብጣችሁ ግጠሙ፣ እጀታው ወደ ሳህኑ ይይ። በላዩ በረዶ ክመሩ። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ውኃ ሆኖ በእጀታው በኩል ሳህኑ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እየከፈቱ ማየት የለም፣ ሽታው ያመልጣል! በረዶው ሲቀልጥ ቀይሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ሽታው እየሳሳ ይሄዳል፣ ድስቱም ሊያርር ይችላል።

የአበባ መሸጫ ጽጌረዳ ግን እንዳትነኩ። ፀረ ተባይ የተረጨ ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውም ለዓይን እንጂ ለአፍንጫ አይደለም። መድኃኒት ያልነካው፣ ጠዋት የተቀጠፈ የግቢ ጽጌረዳ ይሻላል።

መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። በፈላ ውኃ በታጠበ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት፤ መጠበቂያ ስለሌለው በአንድ ሳምንት ጨርሱት። ከደፈረሰ ድፉት።