የቢኩ ጤፍና የጮቄ መብረቅ፦ ተረትና እውነታ

በጥር ወር፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ውርጩ ለቆ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ አንድ ተማሪ ቢኩን ቅቤ ባልነካው ደረቅ ፀጉሩ ላይ ደጋግሞ አሽቶ ዴስኩ ላይ ወደተበተነ ጤፍ ያስጠጋዋል። ፍሬዎቹ ብድግ እያሉ ይለጠፋሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቢኩን እንደነኩ ተፈናጥረው ይመለሳሉ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ከሳቁ በኋላ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል።

ተረት፦ «ቢኩ ማግኔት ሆነ።»

እውነታ፦ ማግኔት ምስማር ያነሳል እንጂ ጤፍ አያነሳም። ቢኩና ፀጉሩ ሲፋተጉ ኤሌክትሮኖች ከፀጉሩ ወደ ፕላስቲኩ ይሻገራሉ፤ ቢኩ ኔጋቲቭ፣ ፀጉሩ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ማሸት አዲስ ኤሌክትሪክ አልፈጠረም፤ ቢኩ ያገኘውን ያህል ፀጉሩ አጥቷል። የተፈናጠረው ፍሬስ? ቢኩን ሲነካ ቻርጁን ተካፈለ፤ ተመሳሳይ ቻርጆች ደግሞ ይገፋፋሉ። ከፌስታል ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ቆርጣችሁ በደረቅ ጣቶቻችሁ መካከል ሳቧቸው፤ ጎን ለጎን ስታንጠለጥሏቸው ሲሸሻሹ ታያላችሁ።

ተረት፦ «ሰኔ ላይ እምቢ ካለ ትምህርቱ ውሸት ነው።»

እውነታ፦ ዝናቡ ሲገባ አየሩ ይረጥባል። ስስ የውሃ ሽፋን ቢኩ ላይ ይቀመጥና ቻርጁን ያሸሸዋል። ይህን ትምህርት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ማስተማር ይበጃል።

ተረት፦ «ሌሊት ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው ብልጭታ የክፉ መንፈስ ምልክት ነው።»

እውነታ፦ ከጤፉ ዝላይ ጋር አንድ ነገር ነው። ቮልቱ በሺዎች ሊቆጠር ይችላል፤ የቻርጁ መጠን ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ አይጎዳም።

ተረት፦ «መስተዋት ከሸፈንን፣ ቀይ ልብስ ካልለበስን መብረቅ አይመታንም።»

እውነታ፦ መብረቅ ቀለምም መስተዋትም አይመርጥም። ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እየተጋጩ ቻርጅ ይለዋወጣሉ፤ ልክ እንደ ቢኩና እንደ ፀጉሩ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ባቀረበው ሐሳብ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1752 ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገ ሙከራ፣ ከነጎድጓድ ደመና በብረት ዘንግ የተገኘው ብልጭታ ይህንኑ ዝምድና አሳይቷል። ልዩነቱ በመጠኑ ነው፤ የመብረቅ መንገድ እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘውም ከፍ ብሎ ለብቻው የቆመውን ነው፦ ሜዳ መሐል ያለ ግራር፣ ተረተር ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ፣ ገላጣ መስክ ላይ ያለ እረኛ።

ስለዚህ ብልጭታውን ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ወደ ትልቅ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት ወደሆነ ዝግ መኪና ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ዛፍ ሥር ግን በፍጹም አትጠለሉ።

የጤፉን ዝላይ በዓይኑ ያየ ልጅ፣ ጮቄ ተራራ ላይ ደመና ሲጠቁር ከብቶቹን ለምን ቀደም ብሎ እንደሚመልስ ያውቃል። ይህን ለማስተማር አንድ ቢክና ቁንጥር ጤፍ ይበቃል።