ምሕረትና ጉርብትና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ምሕረት በተቸገረ ሰው ማዘን ብቻ አይደለችም። ከልብ ተነሥታ ወደ እጅና ወደ እግር ካልደረሰች ስም ብቻ ሆና ትቀራለች። ስለዚህም ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በሦስት ከፍለው ያስተምሯታል። የመጀመሪያዪቱ ምሕረት ሥጋዊ ናት፤ ይህችም ቈርሶ ማጕረስ፣ ቀዶ ማልበስ ናት። ሁለተኛዪቱ ምሕረት መንፈሳዊ ናት፤ ይህችም የሳተውን መክሮ አስተምሮ መመለስ ናት። ሦስተኛዪቱ ምሕረት ነፍሳዊ ናት፤ ይህችም ስለ ባልንጀራ ራስን አሳልፎ እስከ መስጠት ትደርሳለች።

ይሁንና ይህ ሁሉ የሚደረግለት ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩንም በካዛንቺስ እናስተውለው። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት ስም ነው። ከዚያም ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቶ፣ ቡና ተጠራርቶ፣ በእድርና በማኅበር ተሳስሮ ኖረበት። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ቤቶች በብዛት በፈረሱ ጊዜ ግን ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም ሰፈሮች ተበተኑ። ቀድሞ አንዲት አሮጊት ማለዳ በሯን ሳትከፍት ብትቀር የሚያንኳኳላት ጎረቤት ነበረ፤ ዛሬ ግን ማን ያንኳኳላታል?

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያስተማረው ለዚህ መልስ ይሆነናል። ሳምራዊው ለቈሰለው ሰው ጎረቤቱም ወገኑም አልነበረም፤ ቀርቦ ቍስሉን ስላሰረለት ግን ባልንጀራው ሆነ። እንግዲህ ባልንጀራ የሚያደርገው የቤት መጠጋጋት ሳይሆን የሰው ወደ ሰው መቅረብ ነው።

ይህንም ወይዘሮ አበበች ጎበና በሥራ አሳይተውናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ፣ በረኀብ ከሞተች እናቷ አጠገብ የቀረችውን ሕፃን አንሥተው ወደ አዲስ አበባ አመጧት። በዓመቱም ሕፃናቱ 21 ሆኑ። ስለ እነርሱም ትዳራቸውንና ቤታቸውን እስከ መተው ደረሱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ ለብዙ ሺህ ሕፃናት እናት ሆኑ።

እኛስ ምን እናድርግ? ሁላችን ያን ያህል አንችል ይሆናል፤ የምንችለውን ግን አንተው። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የራቀውን ጎረቤት ሄደን እንጠይቅ፤ መንገዱ ቢረዝምብን በስልክ ደኅንነቱን እንወቅ። እድሩ ቢፈርስ መረዳዳቱ አይፍረስ። ወደ ሰፈራችን አዲስ የመጣውን ቡና ጠርተን እንቀበለው፤ እንግዳን መቀበል ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ነውና። ተቀያይሞ የተለያየም ቢኖር ርቀቱን ምክንያት ሳያደርግ ሄዶ ይታረቅ፤ ግድግዳው ፈርሶ ሳለ ቂሙ ቆሞ እንዳይቀር።

መሐሪ አምላክ ሰምተን የምንሠራበትን ልቡና ያድለን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።