የተበከለ ጉድጓድና ምንጭ እንዴት ይመረመራል? እንዴትስ ይጸዳል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር የሚጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከምድር የሚወጣ ነው፤ ወይ ከምንጭ፣ ወይ በእጅ ተቆፍሮ ፓምፕ ከተተከለበት ጉድጓድ ይቀዳል። ኩልል ብሎ ስለሚወርድ ንጹሕ ነው ብለን እናምነዋለን። ተቅማጥ የሚያመጣው ጀርም ግን በዓይን አይታይም፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። የሰኔ ዝናብ ጥሎ በአንድ ጎጥ ብዙ ልጆች አንድ ሰሞን ሲታመሙ ጥርጣሬው ወደ ውኃው ይዞራል፤ ወዲያው የሚታሰበውም ክሎሪን መጨመር ነው። ክሎሪኑ የገባውን ጀርም ይገድላል። ጀርሙ የገባበት መንገድ ካልተዘጋ ግን ውኃው ተመልሶ ይበከላል። ስለዚህ ሥራው ተራ አለው፦ መጀመሪያ መንገዱን ማግኘት፣ ቀጥሎ መዝጋት፣ በመጨረሻ ማጽዳት።

ቆሻሻው ከምድር በታች እንዴት ይደርሳል?

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። በዙሪያው ያለው አገርም በአብዛኛው የቀለጠ ዓለት እየፈሰሰና እየረጋ ንብርብር ሆኖ የሠራው ነው። ዝናቡ በዓለቱ ስንጥቅ ይወርዳል፤ ውኃ የማያሳልፍ ንብርብር ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይሄድና ገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ሰፈሩ ከላይ፣ ምንጩ ከታች ነው። ከበረቱና ከመጸዳጃ ጉድጓዱ የሚሰርገው ፈሳሽም የሚሄደው በዚያው የዝናብ ውኃ መንገድ ነው።

በመካከል የሚጠብቀን አፈሩ ነው። አፈር እንደ ጠላ ማጥለያ ቆሻሻውን ያስቀራል፤ ጀርሙም በውስጡ ሲቆይ በሳምንታት ውስጥ እየተዳከመ ይሞታል። ጀርመን አገር የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ክልል ሲከለል ውኃው በምድር ውስጥ ቢያንስ 50 ቀን ተጉዞ እንዲደርስ ታስቦ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ጥበቃ ሁለት ነገሮች ያፈርሱታል። አንደኛው የዓለት ስንጥቅ ነው፤ ውኃን ያሳልፋል እንጂ አያጠልም። ሁለተኛው በበጋ የሚሰነጠቀው የዋልካ መሬት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በሜዳ የተከማቸውን እበትና ዓይነ ምድር ጠርጎ በቀጥታ በስንጥቁ ያስገባል። የክረምቱ መግቢያ ከሌላው ጊዜ የሚከፋው ለዚህ ነው።

ምርመራው ምን ምን አለው?

የመጀመሪያው ምርመራ እግርና ዓይን ብቻ ይፈልጋል። ምንጭ የሚመረመረው ከአፉ ብቻ ሳይሆን ከራስጌው ነው፤ ወደ ላይ ወጥቶ ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። መጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃው ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ከውኃው በታች በኩል መሆን፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውኃው ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ዓለቱ የተሰነጠቀ ከሆነ 30 ሜትርም ላይበቃ ይችላል። ከዚያ ጉድጓዱ ራሱ ይታያል፦ የፓምፑ ዙሪያ ሲሚንቶ ተሰንጥቋል? የፈሰሰው ውኃ እዚያው ይቋጥራል? ከብት እንዳይገባ አጥር አለው?

ሁለተኛው የውኃ ናሙና ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው፣ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም። ባለሙያው ውኃውን በስስ ማጣሪያ ያሳልፍና ማጣሪያውን ለባክቴሪያው ምግብ በሚሆን ፈሳሽ ላይ አኑሮ በ44 ዲግሪ ሙቀት ያሳድረዋል፤ ጀርም ካለ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ውኃው ሲበከል የሚጠቁር መድኃኒት ያለበት ርካሽ ጠርሙስም አለ። በበጋ የተወሰደ አንድ ናሙና ስለ ክረምቱ አይናገርም፤ በሁለቱም ወቅት መለካት ይገባል።

ሦስተኛው ክትትል ነው። የተጠረጠረው መጸዳጃ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ፣ ጉዳት የሌለው ቀለም ይፈስበታል፤ ቀለሙ ምንጩ ላይ ከታየ መንገዱ ተገኘ ማለት ነው።

መንገዱን ማግኘት ምን ያህል እንደሚጠቅም በፈረንጆች 1854 ለንደን ላይ ታይቷል። በብሮድ ጎዳና ኮሌራ ሲገባ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱት ሰዎች በአንድ ፓምፕ ዙሪያ መሆናቸውን አሳየ፤ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። የዚያ ፓምፕ ውኃ በጣዕሙ የሚመረጥ ነበር። በኋላ ሲቆፈር፣ ከጉድጓዱ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት የነበረ የፍሳሽ ጉድጓድ ግንቡ ላልቶ ወደ ውኃው ይሰርግ እንደነበር ተረጋገጠ። የአንዲት የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውኃ የተደፋው እዚያ ነበር።

ማጽዳቱስ?

የተሰነጠቀው ሲሚንቶ ከተጠገነና ፍሳሹ መውረጃ ካገኘ በኋላ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታጠባል። ወርዱ 1.2 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 3,400 ሊትር ያህል ይይዛል። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲደርሰው 170 ግራም ክሎሪን ይፈልጋል፤ ከመቶ 65 እጁ ክሎሪን የሆነ ዱቄት ከተገኘ 260 ግራም ገደማ ነው። ዱቄቱ በባልዲ ውኃ ተበጥብጦ ይጨመራል፤ ሰው ሳይቀዳ ያድራል። በማግሥቱ የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ እየተቀዳ ከወንዝና ከማሳ ርቆ ይደፋል፤ ከቀናት በኋላም እንደገና ይመረመራል።

ምንጭ ግን ስለሚፈስ በዚህ መንገድ ሊታጠብ አይችልም። የምንጭ ፈውሱ ራስጌውን ማጠር፣ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር፣ ግንቡን ማደስ ነው። ይህ እስኪሠራ ድረስ ቤት ውስጥ ውኃውን ማፍላት፣ ወይም ውኃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ የልጆችን ሕይወት ያድናል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ክሎሪን የማይፈታው

የተቃጠለ ዘይት፣ ነዳጅና ፀረ ተባይ በክሎሪን አይጠፉም፤ ማፍላትም መፍትሔ አይሆናቸውም። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ ባለበት እንደ ነፋስ መውጫ ባለ ከተማ፣ ጋራዥ መሬት ላይ የሚደፋው ዘይት ከታች ያለውን ውኃ ያሰጋል። ዘይት የጠጣ አፈር፣ ዘይቱ ገና ወደ ታች ካልዘለቀ፣ ተቆፍሮ ውኃ በማያሳልፍ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ እበት ይጨመርበታል፣ ይረጥባል፣ ይገላበጣል። አየርና እርጥበት ያገኙ ባክቴሪያዎች በወራት ውስጥ ዘይቱን ይበሉታል። ወደ ውኃው ከደረሰ ግን ለዓመታት እየሳቡ ማጣራትን ይጠይቃል።

ፀረ ተባይ ከዚህም ይከፋል። በኢትዮጵያ መጋዘኖች ለዓመታት የተከማቸው ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ታሽጎ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል፤ የተላከው ከ1,000 ቶን በላይ ነው። አገር ውስጥ በደኅና የሚያስወግድ ምድጃ ስላልነበረን ባሕር አሻገርነው። እዚህ የገበሬው ድርሻ ቀላል ነው፦ መርጫውን ምንጭ አጠገብ አለማጠብ፣ የመድኃኒቱን ጀሪካን ለውኃ አለመጠቀም።

ለውኃ ኮሚቴው የምለው አንድ ነው። ግንቦት ሳያልቅ፣ መሬቱ ሳይርስ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ራስጌውን ዙሩ። ስንጥቁንና ቦዩን ከዝናቡ በፊት ለመጠገን ጥቂት ሲሚንቶና የአንድ ቀን ደቦ ይበቃል። ለጉድጓዱ የተዋጣው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከክሎሪኑ በፊት ሲሚንቶው ይገዛ።